ከቢቸና እስከ ሞጣ፤ በሰማይ 16 ደቂቃ፣ በምድርስ?

የአገራችን ሰው የመንገድ ርቀት ሲጠየቅ በኪሎ ሜትር አይመልስም። «በጠዋት ከተነሣችሁ ለምሳ ትደርሳላችሁ»፣ «የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ በበቅሎ ከሆነ ግን ያንሳል»፣ አለዚያም «ያንን ጋራ ካለፋችሁ እዚያው ነው» ይላል። ይህ አመላለስ የከተማውን ሰው ፈገግ ያሰኘዋል። ቆም ብለው ሲያስቡት ግን ትልቅ እውነት አለበት። መንገደኛን የሚያደክመው፣ የሚያስርበውና የሚያስመሸው ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ጊዜው ነውና። በተለይም ልጅ ያዘለች እናት፣ በሽተኛ የምታስታምም እህት፣ ምጥ የያዛት ነፍሰ ጡር ርቀትን የምትለካው በሰዓት እንጂ በሜትር አይደለም።

በዛሬው ጽሑፋችን ወደ ምሥራቅ ጎጃም እንወስዳችኋለን። ሁለት ከተሞችን ቢቸናንና ሞጣን መርጠን፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት አንድ ጊዜ በሰማይ፣ አንድ ጊዜ በምድር እንለካዋለን። ከዚያም ይህ ልኬት በየቤታችን ካለው ኑሮ፣ አገር ቤት ከቀሩት እናቶቻችንና እህቶቻችን ሕይወት ጋር ምን እንደሚያገናኘው እንመለከታለን።

ሁለቱ ከተሞች

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትጓዙ ጎሐ ጽዮን ላይ የዓባይ ሸለቆ አፉን ከፍቶ ይጠብቃችኋል። ጎሐ ጽዮንና ደጀን ከወዲያና ከወዲህ ሆነው የሚተያዩ ከተሞች ናቸው። በአየር ቢለካ በመካከላቸው ያለው ርቀት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መኪናው ግን እየተጠማዘዘ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ድልድዩን ይሻገራል፤ ደግሞ ያንኑ ያህል ይወጣል። በዚህም የተነሣ መንገዱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ገና ከመነሻው ሰማይና ምድር በርቀት እንደማይስማሙ የምታዩት እዚህ ላይ ነው።

ከደጀን በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ዞሮ ባሕር ዳር ይገባል። ሁለተኛው በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ እዚያው ባሕር ዳር ይደርሳል። የእኛ መንገድ ይህኛው ነው።

ቢቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ለሰውም ለእህልም ይስማማል። ዙሪያዋ ጥቁር አፈር የለበሰ ሜዳ ነው፤ የጤፍ አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ «የጎጃም ጤፍ» ተብሎ ተመርጦ የሚገዛው እህል የሚበቅለው በዚህና በአካባቢው ባሉ ማሳዎች ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስሙ የታወቀው ዲማ ጊዮርጊስም ከዚችው ከተማ ብዙም አይርቅም። በጠላት ወረራ ዘመን ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጦር ይዞ የተዋጋውም በዚህ በቢቸና ምድር ነው። ዛሬ የባሕር ዳር አይሮፕላን ማረፊያ በእሱ ስም ይጠራል።

ሞጣ ደግሞ ከቢቸና በስተሰሜን ምዕራብ ትገኛለች። የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ትልቋ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከቢቸና ጋር ብዙም አይበላለጥም። ከሞጣ ወደ ዓባይ ስትወርዱ በዐፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራው፣ ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ ይገኛል። በጠላት ዘመን አርበኞች መካከለኛውን ቅስት አፈረሱትና ድልድዩ «ሰባራ» የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት ሕዝቡ የሚሻገረው በገመድ ነበር። ከወዲያና ከወዲህ የቆሙ ጎልማሶች ገመዱን ወጥረው ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው በወገቡ ታስሮ ከወንዙ በላይ እየተንጠለጠለ ይሳባል። ገበያ የምትሄደዋም፣ ዘመድ የምትጠይቀዋም፣ የታመመ ልጅ የያዘችዋም በዚሁ ገመድ ታልፍ ነበር። ድልድዩ በ1994 ዓ.ም. እስኪጠገን ድረስ በሰባራው ክፍል በኩል ያለው አንድ ጥቂት ሜትር ከብዙ ኪሎ ሜትር ይልቅ ይርቅ ነበር ማለት ይቻላል።

በካርታና በእርሳስ

አሁን ርቀቱን በሰማይ እንለካ። ለዚህ አይሮፕላን አያስፈልግም። 8ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካላችሁ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ለልጁም የሒሳብና የጂኦግራፊ ልምምድ ይሆንለታል።

ቢቸና የምትገኘው በ10 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው። ሞጣ ደግሞ በ11 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ላይ ትገኛለች። ልዩነታቸው 38 ደቂቃ ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንዷ ደቂቃ 1 ኪሎ ሜትር ከ850 ሜትር ገደማ ትሆናለች። ስለዚህ ሞጣ ከቢቸና ወደ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች ማለት ነው። በኬንትሮስ ደግሞ ቢቸና 38 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ፣ ሞጣ 37 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ላይ ናቸው። ይህ የ20 ደቂቃ ልዩነት በዚያ አካባቢ ሲሰላ ወደ ምዕራብ 36 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የማእዘናዊ ሦስት ጎን ሒሳብ ነው። 70 በ70 ሲባዛ 4900፤ 36 በ36 ሲባዛ 1296፤ ሁለቱ ሲደመሩ 6196 ይሆናሉ። የዚህ ሥር ወደ 79 ይጠጋል። እንግዲህ ከቢቸና እስከ ሞጣ ወፍ ቀጥ ብላ ብትበር የምታቋርጠው 79 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ሲለካ 43 ገደማ ይሆናል። በነገራችን ላይ ከሞጣ እስከ ባሕር ዳርም በአየር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሞጣ በሁለቱ መካከል ተቀምጣለች ቢባል ያስኬዳል።

79 ኪሎ ሜትር ለአይሮፕላን ምን ያህል ነው? በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር ለሚበር ለጥንቱ ዲሲ 3 አይሮፕላን 16 ደቂቃ ነው። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚከንፍ ጄት ደግሞ በወረቀት ላይ 6 ደቂቃ ነው። በተግባር ግን ጄት እንዲህ ያለ አጭር መንገድ አይበርም። ወደ 10 ሺህ ሜትር ለመውጣት ብቻ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ለመውረድም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ገና መውጣት ሲጀምር ሞጣን አልፏት ይሄዳል ማለት ነው። እንግዲህ ፈጣኑ ሁልጊዜ ቶሎ ደራሽ አይደለም።

አይሮፕላንና ትንንሽ ሜዳዎች

አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከጠላት ወረራ በፊት ሙሉእመቤት እምሩ የተባለች ወጣት ኢትዮጵያዊት የበረራ ትምህርት ተምራ ሰማይ ላይ ወጥታለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያ በረራውን በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አይሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ 47 የተባሉ የዲሲ 3 ወንድሞች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች የሚቀመጡት በጎንና በጎን በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ነበር፤ ጭነቱ በመካከል ይደረደራል።

እነዚህ አይሮፕላኖች አስፋልት የማይፈልጉ በመሆናቸው በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች በሣርና በጠጠር ሜዳ ላይ ያርፉ ነበር። መኪና ያልደረሰበት አውራጃ አይሮፕላን የደረሰበት ጊዜ ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ 19 ሰው ያህል የምትይዘው፣ በአጭር ሜዳ ተነሥታ በአጭር ሜዳ የምታርፈው ትዊን ኦተር ይህን ሥራ ተቀበለች። ሞጣም የአይሮፕላን ሜዳ ካላቸው ከተሞች አንዷ ናት። በዓለም አቀፍ መዝገብ ኦ.ቲ.ኤ. የሚል የሦስት ፊደል ምልክት፣ ለበረራ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ ኤች.ኤ.ኤም.ኦ. የሚል የአራት ፊደል ምልክት አላት። ዛሬ ለመንገደኞች መደበኛ በረራ የላትም፤ ምልክቱ ግን እንዳለ ነው።

የእንዲህ ያለ ሜዳ አሠራር ለማወቅ የሚያስደስት ነው። በደጋ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ክንፍን በደንብ አይሸከምም፤ ለሞተርም ጉልበት ይነሣዋል። ስለሆነም በ2 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚነሣ አይሮፕላን በባሕር ጠረፍ ከሚነሣው ይበልጥ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። በዚህ ምክንያት መንገደኛውም ሻንጣውም በሚዛን ይመዘናል። ክረምት ሲገባ ሣሩ ጭቃ ይሆንና ጎማ ይይዛል። በረራው በዓይን በማየት የሚመራ ከሆነ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጮቄ ተራራ ደመና ሲከናነብ አብራሪው መጠበቅ ይኖርበታል። ከብት ሜዳው ላይ ከገባም አንድ ሰው ሮጦ ማባረር አለበት። ስለዚህ የ16 ደቂቃው በረራ ቀኑ እስኪደርስ፣ ሰማዩ እስኪጠራና ሜዳው እስኪደርቅ የሚጠብቅ ጉዞ ነው።

እነዚህ በረራዎች በብዙ ቦታ ለምን ቀሩ? ምክንያቱ አንድ አይደለም። አሮጌዎቹ አይሮፕላኖች ጡረታ ወጡ። በምትካቸው የመጡት ተለቅ ያሉ በመሆናቸው የተሠራ ሜዳ ይፈልጋሉ። አጭር በረራ ደግሞ ውድ ነው፤ አይሮፕላን ነዳጅ አብዝቶ የሚጠጣው ሲነሣ ነውና። በሌላ በኩል መንገድ በየወረዳው ሲገባ አውቶቡስ በርካሽ ዋጋ መንገደኛውን ወሰደው። በዚህ መካከል ግን ደስ የሚል ነገርም ሆነ። በ2003 ዓ.ም. አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአብራሪ እስከ አስተናጋጅ ሴቶች ብቻ የሠሩበት በረራ ከአዲስ አበባ ባንኮክ ገብቷል። የሙሉእመቤት ልጆች ማለት እነዚህ ናቸው።

በምድር ሲኬድ

አሁን ወደ ምድር እንውረድ። ከቢቸና ወጥታችሁ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ለመግባት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛላችሁ። ጠመዝማዛው በሰማይ ካለው መንገድ ላይ ሩብ ያህል ይጨምርበታል ማለት ነው። በስተግራችሁ ጮቄ አለ። ከእሱ የሚመነጩት እነ ሙጋ፣ እነ ሱሃና ሌሎች ወንዞች ቁልቁል ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ወንዝ ካለ ገደል አለ፤ ገደል ካለ መውረድና መውጣት አለ። የዚያ አገር መንገድ የሚረዝመው በዚህ ነው።

በጠጠር መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ ይህን ለመጨረስ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። መንገዱ ለስልሶ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 2 ሰዓት ነው። በእግር፣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢታሰብ፣ 25 ሰዓት ይሆናል። ሰው ቀንና ሌሊት አይሄድምና የ3 ቀን መንገድ ነው። አህያ የጫነ፣ ልጅ የያዘ ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። እንግዲህ ያው አንድ መንገድ ለአይሮፕላን 16 ደቂቃ፣ ለመኪና የግማሽ ቀን ሥራ፣ ለእግረኛ 3 ቀን ነው።

ይህ ሁሉ መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በብዙ ቦታ መንገድ እየተዘጋ፣ አውቶቡስ እየቆመ፣ አምቡላንስ ሳይቀር መንቀሳቀስ እያቃተው ሕዝቡ ተቸግሯል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ርቀት በኪሎ ሜትርም በሰዓትም አይለካም። ዘመድ ያላት ሁሉ ስልክ እየደወለች «መንገድ ተከፍቷል ወይ?» ብላ ትጠይቃለች።

የ2 ሰዓት ጉዳይ

ውድ አንባቢያን፤ «ይህ ሁሉ ሒሳብ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። የጽሑፋችን ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

በወሊድ ጊዜ የእናትን ሕይወት ከሚያጠፉ ነገሮች ዋነኛው ከወለደች በኋላ የሚመጣ ብዙ የደም መፍሰስ ነው። ደሙ ካልቆመላት ጤነኛ የነበረች ሴት እንኳ በ2 ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። እንግዲህ የእሷ ሰዓት ይህ ነው።

አሁን አንዲት እናት ከከተማ 30 ኪሎ ሜትር ርቃ በገጠር ቀበሌ ውስጥ ወለደች እንበል። ደም ፈሰሳት። ባልዋ ወይም ጎረቤት ስልክ ደወለ። አምቡላንሱ ከከተማ ተነሥቶ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ለመድረስ 1 ሰዓት ይፈጅበታል። እሷን ጭኖ ለመመለስ ሌላ 1 ሰዓት ይወስዳል። ሁለቱ ሲደመሩ 2 ሰዓት ሆነ! ለመመካከር የጠፋው፣ ስልክ እስኪያዝ የተጠበቀው፣ ከቤቷ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ በቃሬዛ የተሸከሟት ጊዜ ገና አልተቆጠረም። አምቡላንስ ደርሶ መልስ ስለሚሄድ ርቀቱ ሁልጊዜ በእጥፍ የሚታሰብ መሆኑን ልብ በሉ።

የጤና ባለሙያዎች እናቶችን የሚገድሉትን መዘግየቶች በ3 ይከፍሏቸዋል። የመጀመሪያው በቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት ነው። «ትንሽ እንጠብቅ፣ ይሻላት ይሆናል» የሚባለው ነው። ሁለተኛው መንገድ ላይ መዘግየት ነው። ሦስተኛው ሐኪም ቤት ከደረሱ በኋላ ደም፣ መድኃኒት ወይም ባለሙያ እስኪገኝ መዘግየት ነው። ምጥ ተራዝሞ ሕፃኑ ሳይወጣ ለቀናት ሲቆይ ደግሞ እናት ብትተርፍ እንኳ ሽንት የመቆጣጠር ችሎታዋን የምታጣበት ፌስቱላ የተባለ ጉዳት ይደርስባታል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን የአዲስ አበባውን የፌስቱላ ሐኪም ቤት ያቋቋሙት ለእነዚህ ሴቶች ነው። ኋላም በባሕር ዳር ሌላ ማዕከል ተከፍቷል። ወደዚያ የሚመጡት ሴቶች ታሪካቸው ቢጠየቅ አብዛኛው የመንገድ ታሪክ ነው።

ነገሩ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ጥናት ከ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች በወሊድ ምክንያት ይሞቱ እንደነበር ተገምቷል። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱትም በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ከመቶ 48 ደርሰዋል። ይህ የሆነው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት በመሄዳቸው፣ ጤና ጣቢያዎች በመሠራታቸው፣ አምቡላንስ በየወረዳው በመሰጠቱ ነው። ቢቸናም ሞጣም ዛሬ ሐኪም ቤት አላቸው። ያም ሆኖ ከመቶ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚያ ጥናት ጊዜ ገና ቤታቸው ይወልዱ እንደነበር መዘንጋት የለብንም።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ሰፊ አገር ያላቸው ሌሎች ሕዝቦችም ይኸው ችግር ገጥሟቸዋል። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1928 የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ተጀመረ። አይሮፕላኑ ሐኪሙን ይዞ በየእርሻ ሜዳው እያረፈ በሽተኛ ያነሣ ነበር። በጎረቤታችን በኬንያ ሦስት ቀዶ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1957 አምሬፍ የተባለውን ድርጅት አቋቁመው ተመሳሳይ ሥራ ጀመሩ። በሩዋንዳ ደግሞ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው የሌለባቸው ትንንሽ አይሮፕላኖች ደም ተሸክመው ወደ ገጠር ሐኪም ቤቶች ይበራሉ። ደሙን በዣንጥላ ጥለው ይመለሳሉ። በተራራማ አገር መኪና ብዙ ሰዓት የሚፈጅበትን መንገድ በደቂቃዎች ይሸፍኑታል። ሦስተኛውን መዘግየት የሚያሳጥር ብልሃት ነው።

በአገራችን ደግሞ ከሁሉ በላይ ቀላል የሆነ፣ ነዳጅም ሜዳም የማይፈልግ ዘዴ ተሞክሮ ውጤት አሳይቷል። ይኸውም የእናቶች ማቆያ ቤት ነው። በጉራጌ አገር በአጣጥ ሐኪም ቤት ከ1970 ዓ.ም. በፊት ጀምሮ ይሠራበታል። እርጉዟ ምጥ ሳይመጣ፣ ቀኗ ሲቃረብ፣ መጥታ በሐኪም ቤቱ ግቢ ትቀመጣለች። ምጡ ሲመጣ መንገዱ ቀድሞ አልቋል። 16 ደቂቃም 3 ሰዓትም ቢሆን አያስፈልጋትም፤ ጥቂት እርምጃ ይበቃታል። ዛሬ ብዙ ጤና ጣቢያዎች በግቢያቸው ማቆያ አላቸው። የገጠር ሴቶች ቤቱን የሚወዱት ገንፎው ሲገነፋበት፣ ቡናው ሲፈላበት፣ የአካባቢው ሰው እህል ሲያዋጣለት ነው።

እኛስ ከከተማ ሆነን?

ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ እናት ወይም እህት በገጠር አላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ለመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ሄዶ የመውለድን የቆየ ልማድ ታከብራላችሁ። ልማዱ መልካም ነው፤ አራስን እንደ ወላጅ እናት የሚያስታምም የለም። ነገር ግን ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጉዳዩን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ጥቂት ምክር እንስጥ።

አንደኛ፣ ወደ አገር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። የደም ግፊት ያለባት፣ ቀድሞ በቀዶ ጥገና የወለደች፣ መንታ ያረገዘች ወይም ደም ያየች እናት ትልቅ ሐኪም ቤት ባለበት ከተማ ብትቆይ ይሻላታል። እንዲህ ከሆነ እናንተ ወደ እናታችሁ ከመሄድ እናታችሁ ወደ እናንተ ብትመጣ ይመረጣል። ቅቤውንና የገንፎውን እህል ይዛ ትመጣለች።

ሁለተኛ፣ በአይሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ብዙ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ወረቀት እንደሚጠይቁ፣ ከ36ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ በአብዛኛው እንደማያሳፍሩ እወቁ። የመቀመጫውን ቀበቶ ከሆድ በታች እሰሩት። ውኃ ጠጡ፤ እግራችሁን አንቀሳቅሱ። ጡት የሚጠባ ልጅ ከያዛችሁ አይሮፕላኑ ሲነሣና ሲወርድ አጥቡት፤ መዋጡ ጆሮውን እንዳያመው ይረዳዋል።

ሦስተኛ፣ በገጠር ያለች እርጉዝ እህት ካላችሁ ለክርስትናው ከምትልኩት ገንዘብ ጥቂቱን አስቀድማችሁ ለመንገድ ላኩ። ቀኗ ሲቃረብ ማቆያ ቤት እንድትገባ አግዟት። ልጆቿን ማን ይጠብቅላታል፣ ከብቱን ማን ያያል፣ የሚለው ቀድሞ ይታሰብ። እርጉዝ ሴት ማቆያ ቤት የማትገባው አብዛኛውን ጊዜ ቤቷን የሚይዝላት ስላጣች ነው።

አራተኛ፣ የአደጋ ምልክቶችን ለቤተሰቡ ሁሉ አስተምሩ። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ትኩሳት፣ ምጥ ሳይመጣ የእንሽርት ውኃ መፍሰስ፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ከ12 ሰዓት በላይ የቆየ ምጥ፣ የእንግዴ ልጅ ሳይወጣ መዘግየት፤ ከእነዚህ አንዱ ሲታይ «ትንሽ እንጠብቅ» አይባልም። ባል፣ አማትና ጎረቤት ይህን ካወቁ የመጀመሪያው መዘግየት ይቀራል። የሚጠይቀው ወጪ የለም፤ የስልክ ሒሳብ ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ ደም ስጡ። በአዲስ አበባም፣ በባሕር ዳርም፣ በደብረ ማርቆስም የደም ባንክ አለ። የእናንተ አንድ ከረጢት ደም ለማታውቋት አራስ ሁለት ሰዓቷን ያረዝምላታል።

ውድ አንባቢያን፤ ከቢቸና እስከ ሞጣ 79 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህ አይለወጥም። ዓባይም ከሸለቆው አይወጣም፤ ጮቄም ከቦታው አይነቃነቅም። መንገድ ግን ይሠራል፤ ድልድይ ይጠገናል፤ ሰላም ይወርዳል፤ ቤተሰብም ቀድሞ ይመክራል። ርቀትን የሚያሳጥሩት እነዚህ ናቸው። በዚህ ሳምንት ወደ አገር ቤት ስትደውሉ ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ከእናንተ ዘንድ ቀኗ የቀረበ እርጉዝ አለች ወይ? ማቆያ ቤትስ መቼ ትገባለች?» በሉ። ለእሷም በደኅና ወልዳ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምትባልበትን ቀን እንመኝላታለን።